የአያትን ሽጉጥ ከዝገት ማዳን፦ ለጣና ዳር ቤቶች

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ አሮጌ ሽጉጥ ከተደበቀበት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ቤት ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲከፈል ነው። የእኛ የወጣው በውርስ ነው። አያታችን ካረፉ በኋላ የእንጨት ሳጥናቸው ሲከፈት፣ ከዳዊታቸውና ከግብር ደረሰኞቻቸው ሥር አንድ ጣሊያን ሠራሽ ስድስት ጎራሽ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ተገኘ። ማኅደሩ ደርቆ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ሽጉጡ ከውስጡ አልወጣ ብሏል። አክስቴ በኩራት «አባባ በየመስቀሉ ቅቤ ያስቀቡት ነበር፤ የምቀባውም እኔ ነኝ» አለች።

«እታለም፣ ቅቤው ነው እኮ የበላው» ስላት ቀና ብላ አይታኝ «ቅቤ ደግሞ ማንን በልቶ ያውቃል?» አለች። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ የጦር መሣሪያ ባለሙያ አይደለሁም። ግን አሮጌ ብረት፣ የዛገ ብሎን፣ የደረቀ ዘይትና የጣና እርጥበት ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር በየቀኑ አያለሁ። እዚህ የምጽፈው አሮጌ የጦር ሽጉጥ ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ፣ ዝገቱ እንዲቆም፣ ለልጅ ልጅ እንዲታይ የሚደረግበትን መንገድ ነው። እንዲተኩስ ማድረግ እዚህ የለም። መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ብረት ውስጡ የት እንደተሰነጠቀ በዓይን አይታይም፤ የተኮሰው ሰው እጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ሂዱ እንጂ ሽጉጡን በኪስ ወይም በፌስታል ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «ያረጀ ነው፣ አይሠራም፣ የአያቴ ነው» የሚለው ቃል ፈቃድን አይተካም። የሟች ፈቃድ ካለ ከሞት ማስረጃውና ከውርስ ወረቀቱ ጋር አቅርቡና የሚቀጥለውን እርምጃ እነሱ ይንገሯችሁ። ፈቃድ ከሌለም ተደብቆ የሚቆይበት መንገድ የለም፤ ጠይቁ፣ እንዴትና የት እንደሚመረመር ይነግሯችኋል። እስኪወሰን ድረስ ማንም አይንካው።

ሌላም ወረቀት አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ላኩልኝ፣ እዚህ ይታደስልኛል» ቢል መልሱ አጭር ነው፤ አይላክም።

ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

የቤተሰብ ሽጉጥ ሁሉ «ባዶ ነው» ይባላል። ማን አየው? ተብሎ ሲጠየቅ ያየ ሰው አይገኝም። ስለዚህ በዓይን እስኪታይ ድረስ ጎርሷል ብላችሁ ያዙት። አፈሙዙ ወደ ሰው፣ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ጎረቤት አይዙር፤ አሸዋ ወደ ሞላ ጆንያ ይዙር። ጣት ከምላጩ ይራቅ። ልጆች ከቤት ይውጡ።

ስድስት ጎራሽ ከሆነ በቀኝ በኩል ያለችው ትንሽ የማጉረሻ በር ትከፈትና ጎሬዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አምስቱን አይቶ ስድስተኛውን መገመት የለም። 1889 እ.ኤ.አ. የወጣው ቦዴዮ የሚባለው የጣሊያን ሽጉጥ በሩ ሲከፈት መቺው ከምላጩ እንዲለያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ ግን አዲስ ሳለ ነው፤ የዛገ ስፕሪንግ የገባውን ቃል አይጠብቅም።

ካዝና ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ቀጥሎ የላይኛው ተንሸራታች ወደኋላ ተስቦ የጥይቱ መቀመጫ ይታያል። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹ ከተሳበ አንዱ ጥይት ወጥቶ ሌላው ይተካል፤ ሰውየው «አወጣሁት» ብሎ ይደመድማል፣ ሽጉጡ ግን ጎርሷል።

በር የማይከፈት፣ የማይዞር፣ ወይም እንደ እኛው ማኅደሩ ውስጥ የተጣበቀ ከሆነ አታስገድዱ። መዶሻ የለም፣ ፒንሳ የለም፣ ሞርሳ የለም። የእኛን ባዶነት ያረጋገጠልን የፖሊስ መሣሪያ ባለሙያ ነው። ማኅደሩን የፈታነውም እሱ ባለበት ነው፤ በመጎተት ሳይሆን ስፌቱን በጢም መላጫ ምላጭ ጫፍ ክር በክር በመተርተር። ቆዳ ከተቀደደ ተቀደደ፤ የተተረተረ ስፌት ግን በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይሰፋል። ከሳጥኑ ውስጥ ሦስት ጥይቶችም ተገኝተው ነበር። እነሱን አልጠረግናቸውም፣ አልፈታናቸውም፣ ለመታሰቢያም አላስቀረናቸውም፤ እዚያው ለፖሊስ አስረከብን። አሮጌ ጥይት ከአሮጌ ሽጉጥ የባሰ አደገኛ ነው።

ከማጽዳት በፊት ማንበብ

ሰው የሚቸኩልበት፣ እኔም የተሳሳትኩበት ክፍል ይኼ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ልበል።

በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ከሁሉም ጎን በስልክ ፎቶ አንሱ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የተዳከመ ጽሑፍ ጥላ ስለሚሠራ ይታያል፤ ከፊት ሲመጣ ይጠፋል። ምሽት ላይ መብራት አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ በዝቅታ ከጎን ብታበሩበት ደግሞ ቀን ያላያችሁት ቁጥር ብቅ ይላል።

ምን ታነባላችሁ? በእኛ አካባቢ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ከአምስቱ ዓመት ወረራ የቀሩ ናቸው። ጣሊያን ጎንደር ላይ ጄኔራል ናሲ እጁን እስኪሰጥ ድረስ፣ ማለትም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም.፣ በዚህ ቀጠና ስለቆየ መሣሪያው በጣና ዙሪያ ተበትኖ ቀርቷል። ቦዴዮ ከዚያም የቀደመ ስለሆነ ከዓድዋ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ሁለት መልክ አለው። የተራው ወታደር በርሜሉ ስምንት ጎን ነው፣ የምላጭ መከለያ የለውም፣ ምላጩም ወደፊት ይታጠፋል። የመኮንኑ ደግሞ ክብ በርሜልና መከለያ አለው። ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። አካሉ ላይ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ተመትቶበት ይገኛል።

ሌላው ቤሬታ 1934 ነው፤ ጠፍጣፋ፣ አጭር፣ ካዝናው ሰባት የሚይዝ፣ ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር አጭሩ። ተንሸራታቹ በግራ በኩል የፋብሪካውን ስም፣ የሞዴሉን ዓመትና ጋርዶኔ የምትባለውን የሰሜን ጣሊያን ከተማ ስም ይዟል። ከዚያ የተሠራበት ዓመት ይመጣል፤ ለምሳሌ 1937፣ አጠገቡም በሮማውያን ቁጥር አሥራ አምስት። ሁለተኛው ቁጥር ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የቆጠሩት የራሳቸው ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር 1929 ዓ.ም. ግድም ይሆናል። አንድ ጣት በማይሞላ ብረት ላይ ሁለት ዘመን ተጽፎ፣ ሦስተኛውን በልባችን ደምረን የምናነብ እኛ ነን። የላቲኖቹ «አር» እና «ኢ» ፊደላት አብረው ከተመቱበት «ሬጂዮ ኤዘርቺቶ» ማለት ነው፤ የንጉሡ ምድር ጦር።

የእኛዎቹ የጨመሩትንም ፈልጉ። እጀታ ላይ በቢላ የተቀረጸ መስቀል፣ የስም መነሻ ፊደል፣ የተጠመጠመ የናስ ሽቦ፣ በሌላ እንጨት የተተካ ጎን። ከፋብሪካው ማኅተም ይልቅ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ ነበር፤ ለእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ለዋሉለት ውለታ ምስጋና መሆኑ ተጽፎበታል። ያ ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ኖሮ የሚቀረው አንድ ተራ የእንግሊዝ ሽጉጥ ነው።

መለያ ቁጥሩንም ጻፉ። ፈቃዱ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሽጉጥ የሚያስከትለውን ጣጣ መገመት አያቅትም። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ከአንድ በላይ ክፍል ላይ ሊኖር ይችላል። ከተለያየ፣ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ ነው ማለት ነው። ይኼም ታሪክ እንጂ ጉድለት አይደለም።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ከዚህ በፊት የአጎቴ የሆነ፣ በፈቃድ የያዘው ሌላ ቦዴዮ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራም ገና መጀመሬ ነው፣ «አሳምሬ ልስጥህ» አልኩት። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራሁት። አጎቴ ተቀብሎ አገላብጦ «ዓመቱስ?» አለኝ። ዓመቱ የለም። የመጨረሻው ቁጥር 7 ይሁን 1 እስከ ዛሬ እንከራከራለን። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ ከበፊቱ በባሰ ዛገ።

የቱ ዝገት ይነሳል፣ የቱ ይቀራል

የባሰ የዛገበት ምክንያት አለ። በጦር መሣሪያ ላይ የምናየው ሰማያዊ የሚያደላው ጥቁር ቀለም ራሱ የዝገት ዘመድ ነው፤ ሆን ተብሎ የተፈጠረ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው። ብረቱን የሚሸፍነው እሱ ነው። ቀዩን ዝገት የሚያሟሟ አሲድ ጥቁሩንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የባትሪ አሲድ፣ ኮካ ኮላ፣ ሁሉም ከሽጉጡ ይራቁ። አመድም ብረቱን ይቧጭራል። ግራይንደር የያዘ ብየዳ ቤት ያለው ወዳጃችሁ «አምስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» ካለ ደግሞ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

መለየቱ ቀላል ነው። ነጭ ጥጥ ደረቅ እንዳለ አሹበት። ብርቱካናማ ዱቄት ከወጣ ዝገቱ ሕያው ነው፣ እየበላ ነው፣ ይነሳል። ጥጡ ንጹሕ ከወጣና ብረቱ ጥቁር ቡናማ፣ ልሙጥ፣ ጥብቅ ከሆነ ዕድሜው ነው፤ ይቀራል። ግቡ ብርቱካናማውን አንስቶ ቡናማውን መተው ነው። ሲያልቅ ሽጉጡ አሮጌ መስሎ መታየት አለበት፤ አሮጌ ነውና።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም፤ ብዙውም ከገበያ ይገኛል። ግማሽ ሊትር ላምባ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ነጩ ቀጭኑ። እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ፣ አራት ዜሮ የሚባለው፤ የድስት ማጠቢያው ሻካራ ሽቦ አይሆንም። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ቀርከሃ፣ ጫፉ እንደ መቃ ብዕር የተቀረጸ። ጥጥና ያረጀ ነጠላ። የቀዶ ጥገና ጓንት ከመድኃኒት ቤት፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨው በአንድ ሌሊት የጣት አሻራ ያዝገዋልና።

አንድ ተጨማሪ መሣሪያ፦ ድሮ የምናውቃት የአሥር ሳንቲም ናስ። ናስ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ትፍቃለች፣ ብረቱን አትጭርም። ግን በማግኔት ፈትኗት፤ ከተሳበች ውስጧ ብረት ነው፣ ላይዋ ብቻ ናስ የተቀባች ናት፤ ተዋት።

ጥጥ ስል ሁልጊዜ ፈገግ የሚያሰኘኝ ነገር አለ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ ነው። የጣሊያንን ሽጉጥ በዚያ ፋብሪካ ብጥስጣሽ ጨርቅ መጥረግ ሒሳቡን ትንሽ ያቀራርበዋል።

ጊዜውንም ምረጡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወቅት ነው የሚሻለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተጠረገ ብረት ገና ዘይት ሳይነካው እዚያው ጠረጴዛው ላይ መቅላት ይጀምራል።

እጀታውን ማውጣት

ከውስጥ ያሉ የሽጉጡን ክፍሎች አትፍቱ። የሚወጣው እጀታው ብቻ ነው፤ ላምባ እንጨቱን እንዳያበላሽና ከሥሩ ያለውን ዝገት ለማየት። ከሥሩ ሁልጊዜ አለ።

ካቻቢቴው ልክ ካልሆነ አትጀምሩ። የድሮ ብሎን ጎድጓዱ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ የዛሬ ካቻቢቴ ጫፉ ወፍራምና ሾጣጣ ስለሆነ ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። አንድ ርካሽ ካቻቢቴ ገዝታችሁ ጫፉን በሞረድ አሳሱ፤ ጎድጓዱን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ድረስ። አንድ ጠብታ ዘይት በላምባ ቀላቅላችሁ ብሎኑ ላይ ጣሉ፣ እስከ ነገ ተዉት። ነገ አልፈታ ካለ ሌላ ጠብታ፣ ሌላ ቀን። አሁንም እምቢ ካለ የብየዳ ካውያ ጫፍ የብሎኑ ራስ ላይ ለግማሽ ደቂቃ አሳርፉ፤ ሙቀቱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። እንጨቱን ግን እንዳይነካው። ይኼ ሁሉ ሆኖ ካልተፈታ ተዉት፤ እጀታው እንዳለ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሥሩ። የእኛ በአራተኛው ቀን ተፈታ። ሲፈታ «ጭርቅ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የስፌት መኪና የጠገነ ሰው ያንን ድምፅ ከዘፈን አያሳንሰውም።

ዝገቱን ማንሳት

እኩል ላምባና የስፌት መኪና ዘይት ቀላቅሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ምድጃና ሲጋራ ይራቅ። ሽጉጡን በብሩሽ አርጥባችሁ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት ቀን አስቀምጡ። ይኼ እርምጃ ሰነፍ ይመስላል፤ ከሥራው ግማሹን የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ከዚያ በቀርከሃው ጀምሩ። ወፍራም ቅርፊት የሆነውን ዝገት ከጠርዙ እያነሳችሁ ግፉት። ቀርከሃ ያቃተውን በናሷ ሳንቲም፣ ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ። በመጨረሻ ብቻ የብረት ሱፉ ይመጣል፤ በዘይት የራሰ፣ በአውራ ጣት ሳይሆን በሁለት ጣት ቀለል ተደርጎ የተያዘ፣ በርሜሉን ተከትሎ በርዝመቱ የሚሄድ። ደረቅ የብረት ሱፍ ይቧጭራል። ጽሑፍና ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ የብረት ሱፍ የሚባል ነገር አይድረስ፤ እዚያ የጥርስ ብሩሽና ቀርከሃ ብቻ። አሥር ጊዜ አሽታችሁ ጥረጉና ተመልከቱ። ጨርቁ ላይ የሚወጣው ከብርቱካናማ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሲቀየር አቁሙ። ጥቁር ማለት ቀለሙን መንካት ጀመራችሁ ማለት ነው።

ጉድጓድ የሠራ ዝገት አይሞላም፤ ሥሩን አጽድቶ መተው ነው። የእኛው ቅቤ የተቀባበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ጉድጓድ ሆኖ ነው የተገኘው። ለአክስቴ ያስረዳኋት እንዲህ ነው፦ ቅቤ ውስጥ አሬራ አለ፣ አሬራ ውኃም ነው አሲድም ነው፤ ቅቤው ራሱም ሲሻግት አሲድ ይሆናል። የኑግ ዘይት ደግሞ ሌላ በደል አለው፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ እንደ ሙጫ ይደርቅና አቧራና እርጥበት ይይዛል፣ የሚንቀሳቀሰውንም ያጣብቃል። ለብረት የሚበላ ነገር አይቀባም። አክስቴ ሰምታ «እንግዲህ አባባ ያዘዙኝን ነው» ብላ ዝም አለች።

የበርሜሉ ውስጥ ለብቻው ነው። በዚያ ዘመን የጥይቱ ማቀጣጠያ ከተተኮሰ በኋላ ጨው ትቶ ያልፍ ነበር። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ ዘይት ተቀብቶም ከሥሩ መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቀርከሃ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ በተጣራ የባትሪ ውኃ አርሳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፉ። ውኃ ነው ያልኩት እንጂ አሲዱ አይደለም፤ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጽሑፉን አንብቡ። ወዲያው በአልኮል፣ ከዚያ በደረቅ ጥጥ፣ ከዚያ በዘይት። በመካከሉ ሻይ አይጠጣም።

እንጨቱና ማኅደሩ

የእንጨት እጀታ አይፋቅም። ጥቁረቱ የእጅ ላብና ወዝ ነው፤ አያታችን እዚያ ውስጥ አሉ። ለስላሳ ሳሙና በነካው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉና ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ከተልባ ዘይት አንድ ጠብታ በጣት፣ እስኪሞቅ ታሽቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ። ለብረት የከለከልኩት መድረቅ ለእንጨት ጥሩ ነው። ተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ አይጣል፤ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። የቤሬታ እጀታ ፕላስቲክ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል፣ ላምባ አይነካውም።

ማኅደሩ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። ሻጋታ ካለው ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ ጥረጉ። ቅቤ፣ ቅባት፣ የጫማ ቀለም የለም። የናስ ቁልፉ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ናሱና የቆዳው ቅባት የሠሩት ነው፤ በቀርከሃ ይነሳል። የተሰነጠቀው ተመልሶ አይገጥምም። ውስጡ ወረቀት ሞልታችሁ ቅርጹን አስይዙትና ለብቻው አኑሩት። ሽጉጥና ማኅደር ዳግመኛ አብረው አያድሩም፤ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ የተለፋበትም አሲድ አለው፣ ሁለቱንም ለብረቱ ያካፍለዋል።

ሰም

ላምባው በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ መከለያ ያስፈልጋል። ዘይት በየወሩ መታደስ አለበት፣ አቧራም ይስባል። ሰም ይቆያል። ሙዚየሞች ከነዳጅ የሚወጣ ልዩ ሰም ይጠቀማሉ፤ የንብ ሰም ትንሽ አሲድነት ስላለው ለእነሱ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ለቤት ግን፣ በተለይ ማር አገር ላይ ተቀምጦ፣ የንብ ሰም በስሱ ከተቀባ ይበቃል።

የጧፍ ሰም ሳይሆን ከማሩ የተለየ ንጹሕ ሰም ያዙ። አንድ እጅ ሰም በጣሳ፣ ጣሳው ሙቅ ውኃ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ። እሳቱን አጥፉ፤ ከምድጃው ራቅ በሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለት እጅ አኳራጅ ጨምራችሁ አማስሉ። እሳት ላይ እያለ አኳራጅ የሚጨምር ሰው ቤቱን ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል፤ አክስቴ ስታየው ሳቀች።

ሽጉጡን ፀሐይ ላይ ለብ አድርጉት፣ በነጠላ ቁራጭ እጅግ በስሱ ቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አሹ። አንድ ጊዜ ይደገም። ጎልቶ የሚታይ ሰም ካለ አበዛችሁ።

የክረምቱ ጉዳይ

የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ዝገት ይፈጥናል፤ ጣና ዳር ክረምቱን ሙሉ ከዚያ በላይ ነን። የሽጉጡን ማስቀመጫ ከውጭ ግድግዳ ጋር አታስጠጉ፣ ወለል ላይም አታኑሩ። ቆጥ ላይም አይሁን፤ የማጀት ጭስ ከጥላሸቱ ጋር አሲድ ይዞ ይወጣል። የሚዘጋና የሚቆለፍ የብረት ሳጥን፣ ውስጡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈ ይሁን። ሰፍነግና የቀለም ጨርቅ አይሆኑም።

ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሚወጡትን «አይበላም» የተጻፈባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ። ደርዘን ያህል ሰብስቡና ከሽጉጡ ጋር አስቀምጡ። እርጥበት ሲጠግቡ ሥራ ያቆማሉ። በቆርቆሮ ዘርግታችሁ በለሰለሰ የምጣድ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ብታደርቋቸው ከረጢቱ እስካልቀለጠ ድረስ ይመለሳሉ፤ ፍሬውን አውጥቶ ብቻውን ማድረቅ ይሻላል። ሩዝ ይሠራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሞክሬ ያተረፍኩት ነቀዝ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንድ ጊዜ ክፈቱ፣ በጓንት አውጡ፣ ባዶነቱን እንደገና በዓይን እዩ፣ በነጭ ጥጥ ፈትኑ። ከብርድ ክፍል ወጥቶ ሰው ወደሞላበት ሙቅ ክፍል የገባ ብረት ያልበዋል፤ እንግዳ ሊያይ ሲመጣ ጨርቁን ሳትገልጡ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ጥጡ ብርቱካናማ ካሳየ ያንን ቦታ ብቻ በዘይትና በቀርከሃ አንስታችሁ ሰም መልሱለት፤ ሙሉውን እንደገና አትጀምሩ። ፎቶዎቹን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የሠራችሁበትን ቀንና የተጠቀማችሁበትን ነገር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከፈቃዱ ፎቶ ኮፒ ጋር ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉ። እኛ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምረናል፤ በአክስቴ ጥያቄ፣ በራሷ እጅ የተጻፈ፦ «ቅቤ አይቀባም»።